ከዕቃ ማጠቢያው ሥር

ከዓርብ ማታ ጀምሮ ከአባትየው አንገት ተቆርጦ የወጣው እብጠት በፕላስቲክ ብልቃጥ ሆኖ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተቀምጧል። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አባትየው ብቻ እንዳያውቁ ተስማምተዋል። የተስማሙት ሦስት ናቸው። አንደኛዋ የባዮሎጂ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ናት፤ ሐሳቡም የሷ ነው። ሁለተኛው ከሷ በታች ያለው የከባድ መኪና ሹፌሩ ወንድሟ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ስለነበረ በስልክ "አንቺ እንዳልሽ" ብሎ ዘጋ። ሦስተኛዋ የወንድሟ ሚስት ናት። እውነቱ ይነገር ከተባለ እሷ አልተስማማችም፤ "አባባ ሕፃን ናቸው እንዴ?" ብላ ጠይቃ፣ መምህርቷ ስትገላምጣት ዝም ነው ያለችው። በዚያ ቤት ግን የምራት ዝምታ ዱሮም እንደ እሺታ ነው የሚቆጠረው።

ቀዶ ሐኪሙ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ሲወጣ፣ ያናገረው አንገታቸውን በፋሻ ተጠቅልለው አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጡትን አዛውንት አልነበረም። አልፏቸው ሄዶ ልጃቸውን መተላለፊያው ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጋትና "መልኩን አልወደድኩትም" አላት። "እንደ ስብም አይደለም፣ እንደ ተራ እጢም አይደለም። ግን ላቦራቶሪ ሳያየው ምንም አልልሽም።" ከዚያ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል አድርጎ ሰጣት። እንዲህ ያለውን የሚመረምረው ላቦራቶሪ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ቅዳሜና እሁድም ዝግ ነው። "ፎርማሊን ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም፤ ሰኞ አድርሺው" አላት። አባትየው ሲመጡ "ምን አለሽ?" አሉ። "ስብ ነው አለ" አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ። ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰብስበው እዚያው መተላለፊያ ላይ የጎድን አጥንታቸውን አሳዩዋት። "ስብ? ከዚህ ላይ? ሐኪሙ ሰው ተሳስቷል" አሉ፤ እሷም አብራቸው ሳቀች።

ለምን እንደዋሸች ብትጠየቅ መልስ አላት። ካንሰር የሚባለውን ቃል ሰምተው አልጋ የያዙ፣ ከበሽታው በፊት በቃሉ ያለቁ ሰዎች አይታለች። አባቷ ደግሞ ብርቱ ቢመስሉም ሆደ ባሻ ናቸው። ላልተረጋገጠ ነገር ልባቸው ለምን ይሰበር? ውጤቱ ደህና ከሆነ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል፤ ክፉ ከሆነ ያን ጊዜ ይታሰብበታል። ሁላችንም ለምንወደው ሰው የምንዋሸው እንዲህ እያልን ነው፤ ስንዋሽ ደግሞ ደግ የሠራን ይመስለናል።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ወጥ ቤቱና መመገቢያው አንድ ክፍል ነው። አባትየው ከጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ፋሻቸው ከሸሚዛቸው ኮሌታ በላይ ብቅ ብሎ፣ ዳቦ እየቆረሱ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሬዲዮው ስለ ዘይት ዋጋ ይናገራል፤ እሳቸው ለሬዲዮው መልስ ይሰጡታል፣ ይቆጡታል፣ አንዳንዴም ይሰድቡታል። ምራትየዋ የመስኮቱን መስታወት ትወለውላለች። ይህቺ ሴት የጸዳውን ደግማ የምታጸዳ ናት፤ ባሏ "ሳሙናውንም በሳሙና ታጥበዋለች" እያለ ይቀልድባታል። መምህርቷ ሁለቱም በየሥራቸው የተያዙ ሲመስላት ጎንበስ ብላ፣ ከመወልወያ ጨርቆቹ ኋላ ፌስታሉን ሳብ አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ አቆመችው። አባትየው ዓይናቸውን ከዳቦው አላነሱም።

"ከትምህርት ቤት ሌላ መሄጃ አለሽ ዛሬ?"

"ትንሽ ጉዳይ አለኝ አባዬ።"

"እንግዲያው ቦርሳሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ፀሐይ ላይም አታቁሚው።"

"እሺ" አለች ሳታስበው። እሳቸው ሰው በር ሲወጣ አንድ ትእዛዝ ሳያሸክሙ አይሰዱም፤ ዣንጥላ ያዢ፣ ከመኪና መንገድ ራቂ፣ የማያውቁት ታክሲ አይገባም። ለውሃ መሥሪያ ቤት ከየሰፈሩ ቧንቧ ናሙና በጠርሙስ እየቀዱ ለምርመራ ሲያደርሱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ስለ ጠርሙስ፣ ስለ ክዳንና ስለ ፍሳሽ የሚያዙትም ብዙ መሆኑን ልጆቻቸው ለምደውታል። ስለዚህ ስለ ቦርሳው የተባለውም በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ "ማይክሮስኮፕ" ይሏታል። ኋላ ወንበር ላይ የሚኮረጀውን ከጥቁር ሰሌዳው ሳትዞር ታያለች ለማለት ነው፤ እሷም ስሙን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና በሆዷ ትኮራበታለች። የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜዋ ስለ ሴልና ስለ በሽታ ነበር። ሰሌዳው ላይ ክብ ሠራች፤ መሀሉ ላይ ሌላ ትንሽ ክብ፤ ዙሪያውን ስስ ሽፋን። ሰውነታችን ከዚህ የተሠራ ነው አለች፤ ቆዳውም፣ ጉበቱም፣ እንባ የሚያመነጨው እጢም። እያንዳንዱ ሴል ሥራ አለው፤ ሲያረጅ ይሞታል፣ ቦታውን ለሌላው ይለቃል። በሽታ ብለን የምንጠራው ሁሉ መጨረሻው ላይ ሲታይ እዚህች ክብ ውስጥ የተበላሸ ነገር ነው። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠች፣ ሁልጊዜ እጇን ግማሽ ብቻ የምታወጣ ልጅ "ቲቸር፣ ካንሰር በየት በኩል ነው የሚገባው?" ብላ ጠየቀች። "አይገባም" አለች መምህርቷ። "ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። የራሳችን ሴል ነው። መባዛት ማቆም ባለበት ቦታ ላይ አላቆምም ያለ፣ የጎረቤቶቹን ቃል መስማት የተወ።" ልጅቱ ጻፈች፤ ከዚያ ቀና ብላ "ታዲያ በምን ይታወቃል?" አለች። "ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ከታየ ይታወቃል።" ይህን ስትል ጠረጴዛው ሥር ያለው ቦርሳ እግሯን ነካው። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ልጅ ተቀምጧል፤ ለስልሳውም፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ልጆች፣ የማይደበቅ ነገር ነው ብላ ትነግራቸዋለች፤ ለአባቷ ግን ደብቃለች። ይህ ሐሳብ መጣባት፤ ወዲያው ግን ደወሉ ተደወለ።

ላቦራቶሪው ከአንድ የወንበር መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሚወጣ ሰው ሲመጣ የሚወርደው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። የመቆያው ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ እግራቸው በሽቦ ተጠግኗል፤ ከታች ቤት የወንበር መዓት ተቆልሎ ያየ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ተቀምጠው የሚጠብቁት ሰዎች እንደሷው ፌስታል ይዘዋል። አንዱ በካርቶን፣ አንዷ በሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። ማንም ማንንም ምን እንደያዘ አይጠይቅም። የሚወራው ስለ ታክሲ ዋጋ ነው፤ ካለፈው ወር ወዲህ እንደገና መጨመሩን፣ ሾፌሮቹ ደግሞ መልስ የለንም እያሉ ሳንቲም መስጠት መተዋቸውን። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ሴትዮ "የባሌ ነው" አሏት፣ ሳትጠይቃቸው፣ ፌስታላቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ። "ወንድሜ እንዳታሳዪው ብሎኛል። እንዴት አሳየዋለሁ?" "የኔ የአባቴ ነው" አለች መምህርቷ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሐኪሟ ራሷ ተቀበለቻት። አጠር ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴት ናት። ማልዳ የጠጣችው ሻይ ኩባያው ግማሽ ሆኖ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ብልቃጡን ከፌስታሉ አወጣች፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበች፤ ክዳኑን ስትከፍት እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች። ፎርማሊን ሲከፈት ዓይን ያቃጥላል፤ በዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ ክዳን ሲከፍት ይሸሻል። ግን የሚሸሹት ነገር አልመጣም። ሐኪሟ ፊቷን መለሰች፤ ቀስ ብላ አሸተተች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄን በምን አመጣሽው?"

"በፎርማሊን ነው። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ነው ያደረገበት።"

"እህቴ፣ ይሄ ውሃ ነው።"

መምህርቷ ልትከራከር ነበር። ከዚያ ሽታው ደረሰባት። የፎርማሊን አይደለም፤ ሙቀት ውስጥ የሰነበተ ሥጋ ነው። ሐኪሟ እብጠቱን ነጭ ሰሌዳ ላይ አውጥታ በስለት ለሁለት ከፈለችው። ዳሩ ትንሽ ደንድኖ ይዟል፤ መሀሉ ግን ሟሙቶ ስለቱ ላይ ተለጠፈ። "ጥቂት ሰዓት ፎርማሊን አግኝቷል፤ ያን ጊዜ ዳር ዳሩን ይዞታል" አለች ሐኪሟ። "ከዚያ ሰው ውሃ ጨምሮበታል። መሀሉ ሄዷል።" ከዚህ በኋላ ያለውን ለመምህርቷ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከሰውነት የተለየ ሴል ወዲያው አይሞትም፤ ሲሞት ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። ውስጡ ያሉት፣ በሕይወት ሳለ ቆሻሻውን የሚፈጩለት ትናንሽ ከረጢቶች ይፈነዱና እሱኑ ይፈጩታል። ፎርማሊን ይህን ያስቆማል፤ ሴሉን በነበረበት መልክ ያቆየዋል። ንጹሕ ውሃ ግን በሽፋኑ በኩል እየገባ ሴሉን ያሳብጠዋል፣ ይተረትረዋል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትሥለዋለች፤ ያበጠ ክብ፣ ከዚያ የተቀደደ ክብ። ተማሪዎቹ ፈተና ላይ እንዳይስቱት በቀይ ጠመኔ ነው የምታሰምርበት።

"እሠራዋለሁ" አለች ሐኪሟ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከዳሩ የሚገኘውን እቆርጣለሁ፣ አቀልማለሁ፣ አያለሁ። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም። የሚገኘውም የእብጠቱ ሽፋን ብቻ ይመስለኛል።"

"እንደገና መቆረጥ አይቻልም?"

"ቀዶ ሐኪሙ ሙሉውን አውጥቶታል እኮ። ምን ይቆርጣል? አንገቱን በየሦስት ወሩ እያሳያችሁ መጠበቅ ነው። ተመልሶ ከመጣ ያን ጊዜ ይታወቃል።"

መምህርቷ የመጣችው አንድ ነገር ለማወቅ ነበር፤ አባቷ ይድናሉ ወይስ ሕክምና አሁኑኑ መጀመር አለበት? ይህን የሚመልሰው ብቸኛው ነገር ያ ነጭ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ነው፤ እሱም መናገር አይችልም። ሐኪሟ ወንበር ሰጠቻት። አልተቀመጠችም።

ደረጃውን ወርዳ፣ ከወንበር መሸጫው በር አጠገብ ቆማ ስልኳን አወጣች። በሰው የተሞላ መንገድ ዳር ላይ ቆማ የወንድሟን ሚስት ስታናግር ድምጿን ዝቅ ማድረግ እንኳ አልታሰባትም፤ ወንበር የሚጭነው ሰው ሥራውን አቁሞ እስኪያያት ድረስ ጮኸች።

"ብልቃጡን ነክተሻል?"

"የቱን ብልቃጥ? ያን?" አለች ምራትየዋ። "አልነካሁም እትዬ። ለምን እነካዋለሁ?"

"ታዲያ ማን ነካው? ግድግዳው? ሸተተኝ ብለሽ ደፍተሽ ውሃ አድርገሽበታል! ሁልጊዜ ማጠብ፣ ሁልጊዜ መወልወል! የአባቴን ሕይወት ነው ያጠብሽው፤ ገባሽ? ተበላሽቷል! ምንም አይታይም አሉ!"

ከወዲያ ሬዲዮው ብቻ ከኋላ ያወራል። "እሺ እትዬ" አለች በመጨረሻ ምራትየዋ፤ ድምጿ ደረቅ ብሎ። ስልኩም ተዘጋ። መምህርቷ ያን "እሺ" እንደ ጥፋት ማመን ቆጠረችው። ሰው ሲቆጣ የሰማውን ሁሉ ለቁጣው ማገዶ ያደርገዋል። አውቶቡስ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ከፊቷ የቲማቲም ዋጋ ሲያነጻጽሩ፣ እሷ ቤት ስትደርስ የምትለውን እያሰበች ነበር። አንድ ጊዜ ግን የጠዋቱ ነገር ትዝ አላት። ቦርሳሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ፀሐይ ላይም አታቁሚው። ስለ ቦርሳ እንዲህ የሚል ማን ነው? እጇ የአውቶቡሱን ብረት እንደያዘ ቀረ፤ መውረጃዋንም አልፋ ሄደች።

ከቀጣዩ ፌርማታ በእግሯ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት አባትየው ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ቤት ውስጥ ኮት የሚለብሱት ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ነው። ሬዲዮው ጠፍቷል። ምራትየዋ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ እጇ ላይ ኩባያ አለ፤ የምታጥበው ግን አይመስልም።

"ልጅቱን ለምን አስለቀስሻት?" አሉ አባትየው። "እኔ ነኝ የቀየርኩት።"

መምህርቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

"ዓርብ ነው" አሉ እሳቸው፣ ጠረጴዛውን እያዩ። "አንቺ ማስታገሻ ልትገዢልኝ እንደወጣሽ። ያ የቧንቧ መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል ብዬ ልፈትሸው ጎንበስ አልኩ። አገኘሁት። ስሜ ተጽፎበታል።" ዕድሜውን ከቧንቧ ጋር በጨረሰ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ነገር ለመደበቅ ከዕቃ ማጠቢያ ሥር የባሰ ቦታ የለም፤ ይህን ሦስቱም አሁን ተረድተዋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁበት ነበር። "ከፈትኩት። ዓይኔን አቃጠለኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምን ነክሮበታል ይሄ ሰውዬ አልኩ። እኔ ስንት ዓመት ናሙና አድርሻለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የማጠቢያ መድኃኒት ጠብታ ከቀረ ውጤቱ ውሸት ነው፤ መልሰው ይሰዱሻል፣ ይሰድቡሻል። እንኳን እንዲህ የሚያቃጥል ነገር! መርማሪው መድኃኒቱ ያበላሸውን አይቶ በሽታ ነው ሊለኝ ነው አልኩ። ደፋሁት። ብልቃጡን አለቀለቅሁ። ውሃውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው ያደረግሁበት። ከቧንቧ አይደለም።" የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምጻቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር። መምህርቷን ከሁሉ በላይ አንጀቷን የበላው ያ ኩራት ነው።

"ለምን አልነገርከኝም አባዬ? አንድ ቃል ብቻ። አንድ ቃል ብትለኝ ኖሮ ቅዳሜ እንኳ ቢሆን መልሼ ፎርማሊን እጨምርበት ነበር።"

"ደብቀሽው ነበራ። እንዳየሁ ካወቅሽ ታፍሪያለሽ ብዬ እንደነበረ መልሼ አሰርኩት።" ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺስ? ስብ ነው አልሽኝ።"

ይህን ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገረቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለተማሪዎቿ እንደምትነግረው ሳይሆን ዘገም እያለች፣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየነዳች ነገረቻቸው። ስለዚያች ክብ፤ ውስጧ ስላለው፤ ከሰውነት ስትለይ ራሷን እንዴት እንደምትበላ፤ ያ የሚያቃጥለው ፈሳሽ እንዳትፈርስ ባለችበት እንደሚያቆማት፤ ንጹሕ ውሃ ደግሞ እንዴት እንደሚያሳብጣትና እንደሚቀድዳት። "ያንቺ ነገር ለውሃ ልክ ነው አባዬ፣ ለሥጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው" አለች፤ ከዚያ "ያንተ ነገር" ብላ አረመችው፤ ተሳክሮባታል። አባትየው አንድ ጊዜም አላቋረጧትም። ጨርሳ ዝም ስትል መዳፋቸውን አንገታቸው ላይ፣ ፋሻው ላይ አሳረፉ።

"ታዲያ ክፉ ከሆነ ከየት መጣብኝ? ጠጥቼው ነው? ተንፍሼው?"

"አይደለም። የራስህ ሴል ነው የሚሆነው። ከውጭ የገባ ነገር አይደለም።"

"የራሴ።" አሉ አባትየው። "ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነበር? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ።"

"መልኩን አልወደድኩትም አለኝ።"

"ለአንቺ ነው ያለሽ።"

"ለኔ።"

"አንገቱ ግን የኔ ነው" አሉ አባትየው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። "አሁን አይታወቅም ማለት ነው?"

"አይታወቅም። ተመልሶ ከመጣ ነው የሚታወቀው። እስከዚያ በየሦስት ወሩ እያሳየን እንጠብቃለን።"

ከውጭ የመኪና ድምፅ መጥቶ አለፈ። መምህርቷ ወደ ምራትየዋ ዞራ ይቅርታ ጠየቀች። በአውቶቡሱ ላይ ለስድብ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ነበራት፤ ለይቅርታ ግን አንድም አላዘጋጀችም ነበርና "ያልኩሽን... በስልክ ያልኩሽን..." ብላ መሀል ላይ ቀረች። "ይሁን እትዬ" አለች ምራትየዋ፣ ኩባያውን አስቀምጣ እጇን እያደረቀች። ይሁን አለች እንጂ ይቅር ብያለሁ አላለችም። ዓይኗ አሁንም ቀይ ነው። ያቺ ሴት ዓርብ ማታ አባባ ሕፃን ናቸው እንዴ ብላ በጠየቀችበት ሰዓት አንዱ እንኳ ቢሰማት ኖሮ፣ አዛውንቱ ያን ጊዜውኑ የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ምንነት ጠይቀው፣ አጉረምርመው፣ አምነው ይተዉት ነበር። መምህርቷ ይህን አሁን አየችው። ከዚህ በኋላም ዕድሜዋን በሙሉ እንደምታየው ታውቃለች።

አባትየው ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። አንድ እርምጃ ወደ ልጃቸው የሚሄዱ መስሎ ነበር፤ አልፈዋት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄዱ፣ ምራታቸው ፊት ቆሙ።

"በየሦስት ወሩ ስሄድ አብረሽኝ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።"

"እኔ አባባ?" ምራትየዋ ደነገጠች። "እኔ ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ? እትዬ ተምራ፣ እያስተማረች..."

"ሐኪሞቹ ለኔ አይነግሩኝም፤ አይቻቸዋለሁ። መተላለፊያ ላይ ይዘውሽ ይወጣሉ። የሚሉሽን ስሚና ገብተሽ እንዳሉሽ ንገሪኝ። ከዚህ ሌላ ዕውቀት አልፈልግም።"

"እነግርዎታለሁ" አለች ምራትየዋ።

መምህርቷ እኔም እነግርሃለሁ ልትል አፏን ከፈተች። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።